የደጅ ካሜራ እና የበር ደወል ዋይፋይ እንዳይቆራረጥባችሁ

ሥራዬ ካሜራና የበር ደወል መግጠም ነው። «ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔቱ አሪፍ ነው፣ ካሜራው ግን ይቆራረጣል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ካሜራው ያለው ሳሎን አይደለም፣ ደጅ ነው። በእሱና በራውተሩ መካከል ኮንክሪትና የብረት በር አለ። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ስልካችሁን ይዛችሁ ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቁሙ። በሩን ዝጉት፤ ሌሊት ዝግ ነውና። የዋይፋይ መለኪያ አፕ የሲግናሉን ጉልበት በዲቢኤም ያሳያችኋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -60 ጥሩ ነው። ወደ -70 ሲወርድ ምስሉ መንቀራፈፍ ይጀምራል። -80 ላይ ባትሰቅሉት ይሻላል።

ስልኩ በደንብ ያዘ ማለት ግን ካሜራው ይይዛል ማለት አይደለም። የበር ደወል አንቴና ትንሽ ነው። ደግሞም ካሜራ ዋና ሥራው መላክ ነው። ራውተሩ ጮክ ብሎ ሲናገር ካሜራው ይሰማው ይሆናል፣ የካሜራው ድምፅ ግን ተመልሶ ራውተሩ ጋ አይደርስም። የኢንተርኔት ፍጥነት ስትፈትሹም አፕሎዱን፣ ማለትም ከቤት ወደ ውጪ የሚላክበትን ፍጥነት፣ እዩ፤ አንድ የ1080ፒ ካሜራ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል። ባትሪ ያለው ካሜራ ከሆነ ደካማ ሲግናል ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል፣ ያልደረሰለትን ደጋግሞ ስለሚልክ።

መጀመሪያ ራውተሩን አንቀሳቅሱ። ከቲቪ ጀርባና ከቁምሳጥን ውስጥ አውጡት፣ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ደጁ አቅጣጫ አስጠጉት። ካሜራውንም ብረት ላይ አትለጥፉት። ከብረቱ ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ብዙ ራውተር ዋይፋይን በሁለት ባንድ (የሞገድ ክልል) ያሰራጫል፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። አብዛኛው የደጅ ካሜራ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ግድግዳ በማለፍም ከ5 ጊጋኸርዝ ይሻላል። ሁለቱ በአንድ ስም ሲሆኑ አንዳንድ ካሜራ ሲገጠም አልገናኝ ብሎ ያስቸግራል። ያኔ ለ2.4ቱ የራሱን ስም ስጡት። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ የ2.4ቱን ቻናል (በባንዱ ውስጥ ያለውን መስመር) 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉ፣ ጎረቤት ያልተጨናነቀበትን መርጣችሁ። የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ኤክስቴንደር፣ ማለትም የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራው አጠገብ ይሰኩታል። እዚያ የሚደርሰው ሲግናል ድሮም የደከመ ስለሆነ የሚደግመው ያንኑ ድካም ነው። መሀል መንገድ ላይ፣ ራውተሩን ገና በደንብ በሚያገኝበት ቦታ ሰኩት። በዚያው ባንድ ተቀብሎ በዚያው የሚልክ ኤክስቴንደር ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስም አስቡ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኬብል ይዘርጋ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሄዳል። ጫፉ ላይ፣ ደጁን በሚያየው ግድግዳ በኩል አክሰስ ፖይንት (ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ትሰቅላላችሁ። በሩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ፒኦኢ ካሜራ ግዙ፤ መብራቱም ዳታውም በአንድ ኬብል ይሄዳል፣ የዋይፋይ ጣጣ የለበትም። ውጪ የሚዘረጋው ኬብል ፀሐይና ዝናብ የሚችል፣ ለደጅ የተሠራ ይሁን።

ከጨረሳችሁ በኋላ በካሜራው አፕ ውስጥ ያለውን የሲግናል ቁጥር ማታ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ሥራ ላይ ሲሆን ተመልከቱት። ያኔም ከ-65 ካልወረደ መሰላሉን መልሱት።