የድሮ የትራፊክ ትኬት አፕሊኬሽን ላይ ይጻፋል ወይ? አሜሪካ ውስጥ ለአየር መንገድ ለምታመለክቱ ፓይለቶች

«ከስድስት ዓመት በፊት ስፒዲንግ ተይዤ ከፍያለሁ። አሁን 1500 የበረራ ሰዓቴን ሞልቼ ላመለክት ነው። ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱም አይለወጥም። ፎርሙ ከጠየቃችሁ ጻፉት። አንድ ሁለት የስፒዲንግ ትኬት ሰውን ከፓይለትነት አያስቀርም። የሚያስቀረው እናንተ የጻፋችሁትና አየር መንገዱ እጅ የገባው ወረቀት አልገጥም ሲል ነው። ያን ጊዜ ስለ ፍጥነት የሚያወራ የለም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ውሸት ይሆናል። የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ሲነሳ ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡት፤ ስትጨርሱ ድገሙት። ብዙ ሰው «ትራፊክ» የሚለውን ቃል አይቶ በትዝታው ይሞላል። መልሳችሁን የሚወስነው ግን ግሡ ነው። «ትኬት ተጽፎባችኋል?»፣ «ተከሳችኋል?» እና «ጥፋተኛ ተብላችኋል?» ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዘመኑም ይለያያል፤ አንዱ አየር መንገድ 5 ዓመት ይጠይቃል፣ ሌላው 10፣ ሌላው «በሕይወታችሁ መቼም» ይላል። አንድ ቦታ የሞላችሁትን ወደ ሌላው ዝም ብሎ መገልበጥ ስህተትን አብሮ መገልበጥ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ዳኛው «ፒቢጄ» (ጥፋተኛ ሳይል በአመክሮ መልቀቅ) የሰጣችሁ ሰዎች በስቴቱ ሕግ ጥፋተኛ አልተባላችሁም። ስለዚህ ጥያቄው «ጥፋተኛ ተብላችኋል?» ብቻ ከሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «ትኬት ተጽፎባችኋል?» ካለ ግን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ጠበቃ ይዛችሁ ስፒዲንጉን ወደ «ዲፌክቲቭ ኢኩዊፕመንት» (የመኪና ዕቃ ብልሽት) ያስቀየራችሁ አላችሁ። እዚያ ሁለቱንም ጻፉ፤ የተከሰሳችሁበትንም፣ የተፈረደባችሁንም። «መኪናዬ ብልሽት ነበረባት» ብሎ ቃለ መጠይቅ ላይ መቀመጥ ማንንም አያታልልም።

የፓርኪንግና የካሜራ ትኬት ሌላ ጉዳይ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፍጥነት ካሜራ የሚልከው ቅጣት በታርጋው ባለቤት ስም የሚመጣ ነው፤ የጥፋት ነጥብ አያስይዝም፣ መንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይም አይገባም። ጥያቄው «ሙቪንግ ቫዮሌሽን» (መኪና እየነዱ የሚፈጸም ጥፋት) ካለ ይህን መዘርዘር አያስፈልግም። «ማንኛውም ትኬት» ካለ ግን ማንኛውም ነው።

ቨርጂኒያ ለምትነዱ አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። እዚያ ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም የትኛውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ መንዳት «ሪክለስ ድራይቪንግ» (አደገኛ አነዳድ) ነው። 70 በተጻፈበት አውራ ጎዳና ላይ 86 መንዳት ይበቃል። ይህ ተራ ትኬት አይደለም፤ «ክላስ 1 ሚስዲሚነር» የሚባል የወንጀል ክስ ነው፤ ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር። ችግሩ ፖሊሱ የሚሰጣችሁ ወረቀት ከስፒዲንጉ ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ የሕግ ቁጥሩን እዩ፤ 46.2-862 ወይም 46.2-852 ከሆነ ሪክለስ ነው። ጥፋተኛ የተባላችሁ እንደሆነ አፕሊኬሽኑ ስለ ትራፊክ የሚጠይቀው ላይ ብቻ ሳይሆን ስለ ወንጀል የሚጠይቀው ላይም መልሱ «አዎ» ነው። «ወንጀል ሠርቼ አላውቅም፣ ፈጥኜ ነው እንጂ» ብሎ «አይ» የሚለው ሰው የሚያዝነው ባክግራውንድ ቼኩ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያው) ሲመጣ ነው።

አሁን ብዙውን ሰው ወደሚጥለው ወጥመድ እንምጣ። እኔንም አንድ ጊዜ ስለያዘኝ ይህን አስረዝመዋለሁ፤ ቸኩላችሁ አትለፉት።

ሰው ከዲኤምቪ (ከስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መዝገቡን ያወጣል፤ ንጹሕ ነው፤ «የለኝም» ብሎ ይሞላል። የወጣው ወረቀት ግን የስንት ዓመት ነው? ዲኤምቪዎች አንድ ዓይነት መዝገብ ብቻ አያወጡም። ቨርጂኒያ ለኢንሹራንስ የምትሰጠው የ5 ዓመት፣ ለሥራ የምትሰጠው የ7 ዓመት፣ ለግል የምትሰጠው የ11 ዓመት ነው። ሌሎች ስቴቶች የ3 ዓመትና «ሙሉ ታሪክ» ብለው ይለያሉ። ርካሹን ወይም ድረ ገጹ ላይ መጀመሪያ የመጣውን የወሰደ ሰው ንጹሕ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። የ10 ዓመት ጥያቄን በ3 ዓመት ወረቀት መመለስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ነጥብን ከመዝገብ ጋር ማምታታት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ነጥቡ በ2 ዓመት ይወርዳል፤ ስፒዲንጉ ግን ለ5 ዓመት፣ ሪክለሱ ለ11 ዓመት መዝገቡ ላይ ይቆያል። «ነጥቤ ተነስቷል» ማለት «ተሰርዟል» ማለት አይደለም። ደግሞም ከዲኤምቪ ቢጠፋ ፍርድ ቤቱ ጋ ሊኖር ይችላል፤ ከፍርድ ቤቱም ቢጠፋ ጥያቄው «መቼም» እስካለ ድረስ መልሱ አልጠፋም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የመንጃ ፈቃድ የያዛችሁባቸውን ስቴቶች ሁሉ ጻፉ። ለበረራ ትምህርት አሪዞና ወይም ፍሎሪዳ የሄዳችሁም እዚያ የያዛችሁትን አትርሱ። ከእያንዳንዱ ረጅሙን መዝገብ አውጡ። ከዚያ ትኬቱ የተጻፈበትን ካውንቲ ፍርድ ቤት ፈልጋችሁ የውሳኔውን ቅጂ ጠይቁ። ፋይሉ በእድሜው የተወገደ ከሆነ ክለርኩ (የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ) «መዝገብ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፤ ያ ደብዳቤም ማስረጃ ነው። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስልክ ላይ ትጠብቃላችሁ፣ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይልካችኋል። ያናድዳል፤ ግን ከማመልከታችሁ በፊት እንጂ ቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ በኋላ አይጀመርም።

«ናሽናል ድራይቨር ሬጂስተር» የሚባለውን አገር አቀፍ የአሽከርካሪዎች መዝገብም እወቁት። አየር መንገዱ ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ይህን ማየት ግዴታው ነው፤ እናንተም ፈቃዳችሁን ትሰጣላችሁ። ተራ ስፒዲንግ እዚያ አይገባም። የሚገባው የታገደ፣ የተሰረዘ ወይም የተከለከለ መንጃ ፈቃድና እንደ ሰክሮ መንዳት ያለ ከባድ ጥፋት ነው። የራሳችሁን ለማየት በኖተሪ የተረጋገጠ ደብዳቤ መላክ ነው፤ አያስከፍልም። በተለይ በብዙ ስቴቶች ፍርድ ቤት አለመቅረብ ብቻውን መንጃ ፈቃድ ስለሚያሳግድ፣ መታገዳችሁን ሳታውቁ ኖራችሁ ይሆናል። አድራሻ ስትቀይሩ ለዲኤምቪ ካልተናገራችሁ የእግዱ ደብዳቤ የሚሄደው ድሮ ወደተከራያችሁበት ቤት ነው።

የእኛ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ፍለጋው በስምና በልደት ቀን ነው። አንዱ ስቴት የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዝግቧል፤ ሌላው የአባትን። አንዱ ካርድ ላይ «ተስፋዬ» በአንድ ፊደል ያንሳል። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተዛባበትም አለ። አፕሊኬሽኑ «ሌላ የተጠቀማችሁበት ስም» ሲል ለተጋቡ ሴቶች ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ፤ በየካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሁሉ አስገቡ። ይህን ያላደረገ ሰው ስም የደበቀ ይመስላል።

የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ጉዳይ ከአየር መንገዱ የተለየ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። ለሜዲካል (ለፓይለት የጤና ሰርተፍኬት) የምትሞሉት ፎርም 8500-8 «በሕይወታችሁ መቼም» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጥያቄ 18 «ቪ» ላይ ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ በመንዳት መያዝን፣ እንዲሁም መንጃ ፈቃድ ያሳገደ ወይም ያሰረዘ ጥፋትን ይጠይቃል። መያዝ ብቻውን ይበቃል፤ ነፃ ብትወጡም፣ ክሱ ወደ ሪክለስ ቢወርድም መልሱ «አዎ» ነው። 18 «ደብልዩ» ከትራፊክ ውጭ ያለውን የወንጀል ፍርድ ይጠይቃል፤ የቨርጂኒያው ሪክለስ የትራፊክ ጥፋት ስለሆነ እዚህ አይገባም፤ መንጃ ፈቃድ ካሳገደ ግን 18 «ቪ» ላይ ይገባል። እዚያ ፎርም ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት እንዳለው ራሱ ፎርሙ ላይ ተጽፏል።

ከዚህ ሌላ ደንብ 61.15 አለ። ከአልኮል ወይም ከዕፅ ጋር የተያያዘ ፍርድ ወይም የመንጃ ፈቃድ እግድ ያገኘው ፓይለት በ60 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ትንፋሽ አልሰጥም በማለት ዲኤምቪ ፈቃዱን ቢያግድ ያ ራሱ አንድ ሪፖርት ነው፤ ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲለው ሌላ ሪፖርት ነው፣ የዚያው ክስተት መሆኑ እየተጠቀሰ። ሜዲካሉ ላይ መጻፉ ይህን አይተካም፤ ይህም ሜዲካሉን አይተካም። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው የሰፈር ምክር ትቶ የአቪዬሽን ጠበቃ ይያዝ። የትራፊክ ጠበቃ አይበቃም፤ መንጃ ፈቃዱን ሲያድን የፓይለት ሰርተፍኬቱን ሊያስበላ ይችላል።

ሲጻፍ አጭር ይሁን። ቀን፣ ካውንቲና ስቴት፣ ክሱ፣ ውሳኔው። «ማርች 2019፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ። 55 በተፈቀደበት በ71 ማይል። ጥፋተኛ ተብዬ ቅጣቱን ከፍያለሁ።» አለቀ። ፖሊሱ ጥቁር ስለሆንኩ ነው፣ መንገዱ ቁልቁለት ነበር፣ እናቴ ታማ ነበር አይባልም፤ እውነት ቢሆን እንኳ ቦታው እዚያ አይደለም። ቃለ መጠይቅ ላይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብዳችሁ ማብራራት አትጀምሩ። ቀኑን በትክክል ካላገኛችሁት «በግምት» ብላችሁ ጻፉ፤ ፈጠራ ቀን ከግምት ይብሳል።

ካመለከታችሁ በኋላ አዲስ ትኬት ከመጣ አፕሊኬሽኑን አድሱ። የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ሰዓትም እዩ። 9:30 ኤኤም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል መስሏችሁ ከሄዳችሁ ዳኛው ጉዳያችሁን በሌላችሁበት ጨርሶ ወጥቷል።