የራውተሩ ሎግ ሰርቨሩ ላይ አልደርስ ሲል

ራውተሩ ሎጉን፣ ማለትም የሥራውን መዝገብ፣ እንዲልክ የሰርቨሩን አይፒ አስገብተሃል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ግን ባዶ ነው። ራውተሩን ደጋግመህ አትነካካው። መጀመሪያ መልእክቱ የት ጋ እንደቀረ እንለይ። ሲስሎግ (መሣሪያዎች ሎግ የሚልኩበት ስርዓት) በተለምዶ የሚሄደው በዩዲፒ ፖርት 514 ነው፣ ዩዲፒ ደግሞ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ስለማይጠይቅ መልእክቱ መንገድ ላይ ቢቀር ራውተሩ አያውቅም።

ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚገባውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈትና ፖርት 514ን ጠብቅ። ከዚያ ራውተሩ ላይ ኮንፊግ ሞድ (ማዋቀሪያው) ገብተህ ውጣ፤ ሲስኮ ከሆነ ያንኑ የሚናገር ሎግ ወዲያው ይልካል። ፓኬቱ ከታየህ ራውተሩም መንገዱም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ሰርቨሩ ውስጥ ነው። እዚህ ጋ ግን ልብ በል፦ ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው የሊኑክሱ ፋየርዎል ከመጣሉ በፊት ስለሆነ፣ አየሁት ማለት ፋየርዎሉ አሳልፎታል ማለት አይደለም። 514ን በዩዲፒ ክፈት፣ በቲሲፒ ብቻ መክፈት አይጠቅምም። ሰርቨሩ ላይ ሎጉን ተቀብሎ የሚጽፈው አርሲስሎግም ብዙ ጊዜ የዩዲፒ መቀበያው በኮሜንት ምልክት ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ምልክቱን አንሳና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ።

ፓኬቱ ጭራሽ ካልታየ ከራውተሩ ወደ ሰርቨሩ ፒንግ አድርግ፣ መሀል ላይ ያሉትንም አክሰስ ሊስቶች (ፓኬት የሚያሳልፉና የሚከለክሉ ደንቦች) እይ።

አንዳንዱ እየመጣ ሌላው ከቀረስ? ደረጃውን ተመልከት። ሲስሎግ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፣ 0 በጣም አስቸኳዩ፣ 7 ዲበግ (ለብልሽት ፍለጋ የሚወጣ ዝርዝር) ነው። ሲስኮ ካልነካኸው እስከ 6 ይልካል። ሎጉ በዛ ብሎ አንድ ሰው ወደ 4 ካወረደው፣ ኢንተርፌስ መውደቁን ታያለህ፣ ኮንፊግ ተቀይሮ እንደነበር ግን አታይም፤ እሱ ደረጃ 5 ነው። ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የምትፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። እኔ 6 ላይ ተወው ባይ ነኝ።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ሎጉ ከፊቱ ኮከብ ይዞ «ማርች 1» የሚል ከሆነ ራውተሩ ሰዓቱን አጥቷል። ኤንቲፒ (ሰዓቱን ከኔትዎርክ የሚያስተካክለው) አዋቅርለት። ልክ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከሆነ ግን ሰዓቱ አልተበላሸም፣ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፤ የሰዓት ቀጠናውን አስገባና ሎጉ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጽፍ አድርግ።

የአንዱ ራውተር ሎግ በተለያየ አይፒ እየገባ ከሆነም መነሻ ኢንተርፌሱን ሉፕባክ (ራውተሩ ውስጥ ያለ ምናባዊ ኢንተርፌስ) አድርገው።