ሰምተን ያጣነውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደሎቹ መፈለግ፦ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዝኛ ሳስጠና ዓመታት ተቆጥረዋል። በየሳምንቱ የሚመጣብኝ ቅሬታ ግን አንድ ነው፦ «ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ መዝገበ ቃላት ላይ ግን የለም።» ቃሉ እዚያው አለ። የጠፋው ቃሉ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ፊደሎች እዚህ በስማቸው እየጠራሁ እጽፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ መሣሪያው። የወረቀት መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፊደል ካላወቃችሁ አያስገባችሁም። ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ (ኦ-ኤን-ኢ-ኤል-ኦ-ኦ-ኬ ተብሎ ይጻፋል) ግን የማታውቁትን ቦታ ክፍት አድርጋችሁ እንድትፈልጉ ይፈቅዳል። የጥያቄ ምልክት (?) አንድ ያልታወቀ ፊደል ማለት ነው። ኮከብ (*) የፈለገውን ያህል ፊደል ይተካል። @ ደግሞ አናባቢን ብቻ ይተካል። ማስታወቂያ የሚያዥጎደጉዱትን የ«ቃል ፈላጊ» አፖች ተዉአቸው። ብዙዎቹ ለጨዋታ የተሠሩ ናቸው፤ ትርጉም እንኳ የማይሰጡ አሉ።

ምልክት፦ ቃሉ በሰማችሁት ፊደል ስር የለም
ምክንያቱ ፊት ላይ የማይነበብ ፊደል መኖሩ ነው። አንዲት የነርስ ተማሪ «ኒሞኒያ» የሚለውን ቃል ፍለጋ የኤንን ገጾች በሙሉ ስታገላብጥ አገኘኋት። የሳንባ ምች መሆኑን ታውቃለች፤ ከሐኪሞቹ አፍ በየቀኑ ትሰማዋለች። ቃሉ ግን የሚጀምረው በፒ ነው። ከግሪክ የመጣ ስለሆነ ፒዋ በጽሑፍ ቀረች፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን አያነባትም። «ሳይኮሎጂ»ም እንደዚሁ በፒ ይጀምራል። ቢላዋ ለማለት የምንለው «ናይፍ» ፊቱ ላይ ኬ አለው። ጻፈ ለማለት የምንለው «ራይት» ደብሊው አለው።

መፍትሄው ኮከቡን ፊት ላይ ማድረግ ነው። ኮከብ፣ ኤን፣ ኮከብ፣ ከዚያ ኤም-ኦ-ኤን-አይ-ኤ። ልጅቷ ይህን ስትጽፍ ወዲያው መጣላት።

ምልክት፦ ሁሉም ፊደል ትክክል ይመስላል፣ ቃሉ ግን አይገኝም
ከአሥር ቅሬታ ሰባት ስምንቱ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ልቆይበት። ጥፋቱ አናባቢው ላይ ነው። በእኛ ፊደል «ሰ» ብሎ የጻፈ ሰው አናባቢውንም አብሮ ጽፏል። የሰማነውን እንጽፋለን፣ የጻፍነውን እናነባለን። በእንግሊዝኛ ይህ እምነት ገደል ይከታል። ለ«ኧ» የቀረበችው ደካማ ድምፅ በአምስቱም አናባቢዎች ትጻፋለች። ስለ ለማለት «አባውት» ውስጥ ኤ ናት። የተወሰደ ለማለት «ቴክን» ውስጥ ኢ ናት። እርሳስ ለማለት «ፔንስል» ውስጥ አይ ናት። ሎሚ ለማለት «ሌመን» ውስጥ ኦ ናት። «ሰርከስ» መጨረሻ ላይ ደግሞ ዩ ናት። ጆሮ እነዚህን አይለይም። ጆሯችሁን አትውቀሱ፤ እንግሊዞቹም ራሳቸው ይሳሳቱባቸዋል።

አንድ ተማሪዬ «ሰፐሬት» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ሲሰርዝ፣ ሲጽፍ ሲሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ። መሀል ላይ ኢ እየጻፈ ነበር። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር አናባቢዎቹን ሁሉ እንዲያጠፋ መንገር ነው። የቀሩት ኤስ፣ ፒ፣ አር፣ ቲ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው በኋላ የጥያቄ ምልክት አደረገ፦ ኤስ ? ፒ ? አር ? ቲ ?። ቃሉ ወጣ፤ ከፒ ቀጥሎ ኤ ነበረች። ተነባቢዎቹን እመኑ፣ አናባቢዎቹን ክፍት ተዉ።

ስልካችሁ እንዲያርምላችሁ አትፍቀዱ! ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። አንዲት ልጅ ለሥራ ማመልከቻ «ዴፊኒትሊ» ብላ ልትጽፍ ፈለገች፤ በእርግጥ እመጣለሁ ለማለት ነው። አናባቢዋን ሳተች። ስልኩ የራሱን ቃል ተካላት፤ ትርጉሙ «በእምቢተኝነት» ሆነ። ቀጣሪው ያነበበው ያንን ነው። ስልክ የሚያርመው ወደሚመስለው ቃል እንጂ ወዳሰባችሁት አይደለም። ከመላካችሁ በፊት የተተካውን ቃል ትርጉም አንብቡ። ይህን ሳያደርግ ልኮ «ስልኩ ነው» የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል።

ምልክት፦ አናባቢው ተስተካክሎም አይገኝም
የተደረበ ፊደል ፈልጉ። በእኛ ይጠብቃል፣ አይጻፍም፤ «እንዲህ አለ» ይላላል፣ «ገንዘብ አለ» ይጠብቃል፣ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። በእነሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ አይጠብቅም። ስለዚህ ጆሮ እዚህም አይረዳም። «ሪኮመንዴሽን» ላይ አብዛኛው ሰው ሲን ይደርባል፤ የሚደረበው ኤም ነው፣ ሲ አንድ ብቻ ናት። «አኮሞዴሽን» ላይ ግን ሲም ኤምም ይደረባሉ። መደረቡን ካላወቃችሁ በጥያቄ ምልክት ፋንታ ኮከብ ተጠቀሙ፦ አር * ሲ * ኤም * ኤን ዲ *።

ምልክት፦ ተነባቢው ራሱ ያጠራጥራል
«ፍ» ከሰማችሁ ፒ-ኤች ሞክሩ። የፋርማሲ ታፔላ በየመንገዱ ተሰቅሎላችኋል፤ እሱን አስታውሱ። «ካፍ» (ሳል) መጨረሻው ላይ ጂ-ኤች ነው። «ሽ» ከሰማችሁ «ኢንፎርሜሽን» ውስጥ እንዳለው ቲ-አይ ሊሆን ይችላል፤ «ማሽን» ላይ ሲ-ኤች ነው። «ክ»ም «ስኩል» ላይ ሲ-ኤች ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ
«ከርነል» የሚባለው የጦር ማዕረግ አጻጻፉ ውስጥ አር የለም፤ ሲ-ኦ-ኤል-ኦ-ኤን-ኢ-ኤል ነው፣ በቃል ያዙት። ኪው ዩን ታስከትላለች፤ ኢራቅና ኳታር ግን ያለ ዩ ይጻፋሉ፣ ጫትም ኪው-ኤ-ቲ ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዞች ዩ የሚጨምሩበትን «ከለር» አሜሪካኖች ያለ ዩ ይጽፉታል፤ ሁለቱም ልክ ነው፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ግን አትቀላቅሉ።

ውጤቱ በዝቶ ገጹን ከሞላው ኮከቦቹን ቀንሱና የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ቃሉ ውስጥ እንደሌለ የምታውቁት ፊደል ካለ መጨረሻ ላይ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉት፤ ያ ፊደል ያለባቸው ቃላት ይወገዳሉ። ከዚያ ትርጉሙን አንብቡ። ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ነክታችሁ አዳምጡ። መጀመሪያ ከሰማችሁት ጋር ከገጠመ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት።