ጎመንና ቆስጣ አልምቶ ለሰፈር ገበያ ማቅረብ፦ ከጾሙ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሱሉልታ ላይ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር 200 ካሬ ሜትር የማትሞላ መሬት ስጀምር ቀድሜ የያዝኩት ዶማ ነበር። እናንተ ግን ከገበያው ጀምሩ። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶችን ጎመኑን ከየት እንደሚያመጡ፣ እስሩን በስንት እንደሚረከቡ፣ በሳምንት ስንት እንደሚጨርሱ ጠይቋቸው። ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ተረካቢ ለዚህ መሬት ይበቃል። እኔ የማስረክበው አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው።

አፈራችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ አንድ ሜትር ስፋት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሥሩ፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይኑር። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፣ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ለዚህች ስፋት ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወንፊት ያለው ውኃ ማጠጫ በቂ ነው። በአቃቂ በኩል ያላችሁ ደግሞ ከተማውን አቋርጦ በሚመጣው ወንዝ ቅጠል አታጠጡ። ያ ውኃ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቅጠሉን የሚበላው ደግሞ የሰው ልጅ ነው።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቆስጣውን በሙሉ በአንድ ቀን ዘራሁት፣ ያውም ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ቆስጣ ደግሞ ከተዘራ እስከ መጀመሪያው ቆረጣ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። እኔ ማጭድ ሳነሳ ሰው ዶሮና ሽንኩርት ፍለጋ ላይ ነበር። ከፋሲካ በኋላም በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ያ ሁሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ለጎረቤት ላሞች ተሰጠ። ልጆቼ ሲያጠጡት የከረሙትን ሳስብ እስካሁን ያመኛል።

አሁን ባሕረ ሐሳቡ ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ይዤ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። የደጋው ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገየው የመጀመሪያውን መደብ ጾሙ ሊገባ 75 ቀን ያህል ሲቀረው ዝሩ። ሁለተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን እንደዚሁ። ኅዳር 15 ለሚገባው የነቢያት ጾም ደግሞ መስከረም ሲጠባ መዝራት ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ በባዶ መደብ ላይ ካሮት ወይም ቀይ ሥር አድርጉ፤ እነሱ መሬት ውስጥ ሆነው ገዢ ይጠብቃሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚመጣ ቲማቲምና ድንች በዚያ ወቅት አትሞክሩ። ጎመንና ቆስጣ ግን ይችሉታል።

መኮትኮቱንና ማረሙን ሥራው ራሱ ያስተምራችኋል።

ስትቆርጡ የውጭውን ቅጠል ብቻ ውሰዱ፤ እምብርቱ ካልተነካ ያው ተክል ለሳምንታት ደጋግሞ ይሰጣል። ጤዛው ሳይረግፍ ቁረጡ፣ በረጠበ ጆንያ ሸፍኑ። ብዙ የሚሸጠው ማክሰኞና ሐሙስ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት ጠዋት ድረሱ። እስሩ ሁልጊዜ እኩል ይሁን፤ አንድ ቀን ካሳነሳችሁት ተረካቢዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ዘንድ ትሄዳለች። ያደረውን ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ፣ ለብቻው በቅናሽ ስጧት።