ቡገንቪሊያን ከውርጭ ለማዳን

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቡገንቪሊያ ደግሞ የሞቃት አገር ተክል ነው። ችግኙን ወደ ደቡብ ከዞረ ግድግዳ ሥር፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝበት ትከሉት፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ማታ በቃጫ ጆንያ ወይም በአሮጌ ጋቢ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ ግን ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያስተላልፋል።

በብርድ ወራት ጣት አስገብታችሁ አፈሩ ውስጡ ድረስ ካልደረቀ አታጠጡ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ የሚበሰብሰው ሥር ነው። ውርጭ ያጠቆረውን ቅርንጫፍ እስከ የካቲት አትቁረጡ፤ ቶሎ ከተቆረጠ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቀንበጥ ቀጣዩ ውርጭ ያቃጥለዋል። ዩሪያማ ጭራሽ ባይነካው ይሻላል፤ ቅጠሉን ያንዠረግገዋል እንጂ አያሳብበውም።