የመጨረሻዋ «አንቺ»፦ ከጅማ የሚነሳ የወደፊት የፍቅር ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ወንዶች ብቻ የሚገዙት አገር አለ እንበል። ማዶው ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚገዙት። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይገናኙና ይዋደዳሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ መጻፍ ካማራችሁ ከሩቅ ፕላኔት አትነሱ። ከሰፈራችሁ ተነሱ። እኔ በጅማ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ድንበሩን አስምሩ። ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ አለላችሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን የጅሬን ኮረብታ ለሴቶቹ ስጡ። ታች ሄርማታን፣ ገበያውን፣ ለወንዶቹ። ለልብ ወለድ ሲባል ካርታውን ትንሽ ማጣመም ይፈቀዳል። ዘመኑን 2150 ዓ.ም. በሉት። ወንዝ ጥሩ ድንበር ነው፤ ሰው ያግዳል፣ ድምፅ ግን አያግድም። ማታ ማታ ከማዶ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። የሚወቅጠው ማን ይሆን? ፍቅሩ እዚያ ጋ ሊጀምር ይችላል፣ ገና ሳይተያዩ።

ለምን እንደተለያዩ በሁለት አረፍተ ነገር ጨርሱት። ግን ጦርነት አታስነሱ። አባ ጅፋር 2ኛ ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ ጅማን ከጦርነት አትርፈዋል፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ይዘው ቆይተዋል። የእናንተም ሁለት አገሮች እንደዚያ በስምምነት ይኑሩ።

ከዚያ አንድ ሕግ አውጡ። አንድ ብቻ፣ ግን የሚያም። ለምሳሌ ወንድ ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ወንዙን ይሻገራል፤ አይመለስም። ልጆች እንዴት እንደሚወለዱ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም፤ የ2150 ሕክምና መልስ አለው ብላችሁ እለፉት። ሕጉን ግን አትለፉት። በዚህ ሕግ ጅሬን ላይ ልጇን ያልሸኘች እናት ጥቂት ናት፤ ሄርማታ ውስጥ ደግሞ የእናቱን ፊት በግማሽ የማያስታውስ ወንድ የለም።

አሁን የሚያገናኛቸው ጉዳይ ያስፈልጋል። ቡና ነው! ጫካ ቡናው የሴቶቹ፣ መፈልፈያው የወንዶቹ ይሁን። እሸት ቡና ለእጥበት ከሆነ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይበላሻል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሕግ ወደደም ጠላም፣ በየምሽቱ ድልድዩ ይከፈታል። እሷ ጆንያ ታመጣለች። እሱ ይመዝናል። ሰበብ ፍለጋ አትደክሙም፤ ቡናው ራሱ ያገናኛቸዋል።

ተቃራኒነታቸው በጾታ ብቻ ከሆነ ታሪኩ ይሞታል። እሱ ዝምተኛ፣ ቁጥር የሚወድ ይሁን። እሷ ሚዛኑን ሳትከራከር የማትሄድ። እሱ አገር ቡና አንድ ስኒ ነው፤ ቆመው ጠጥተው ወደ ሥራ። እሷ አገር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ድልድዩ ላይ አፍልታ ስትሰጠው አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ይላል። ትደነግጣለች። «ገና እኮ ነው!» ትለዋለች። ሁለቱም የየአገራቸውን ሕግ ከልባቸው ይመኑበት። አንዱን ወገን ጨካኝ፣ ሌላውን መልአክ ያደረገ ረቂቅ ሳነብ አዝናለሁ፤ ሁለት ሰው የነበረው ታሪክ ወደ ክስ ይለወጣል።

ዋናው ነገር ግን ቋንቋው ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አማርኛ አንድን ሰው ስናናግር ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ካልተናገርን አያሳልፈንም። ና፣ ነይ። ሂድ፣ ሂጂ። የሚያመልጡት እንደ «እርስዎ» እና «አንቱ» ያሉ የአክብሮት መጠሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ በሕግ የሚፈቀደው «እርስዎ» ይሁን። ልጁ ወንዙን ከተሻገረ ወዲህ «አንቺ» ብሎ አያውቅም፤ የመጨረሻዋ «አንቺ» ለእናቱ ነበረች። አንድ ወር ሙሉ «ጆንያውን እዚህ ያስቀምጡ» ይበል። አንድ ቀን ይደክመዋል፣ ወይም ዝናብ ይመጣል፣ «አስቀምጪው» ይላል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሌላ ምንም አትጻፉ፤ መሳሳም እንኳ አያስፈልግም።

ለቅመም ያህል፦ የቡና አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሉን አንድ ላይ ይዟል። በሴቶቹ ትምህርት ቤት ይህ ትምህርት የሚዘለል ገጽ ይሁን። ለቀማው አልቆ ድልድዩ ሲዘጋ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቡናው ነጭ ሆኖ ያብብ። አበባው ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፤ ሽታው ግን ወንዙን ይሻገራል።

ፍጻሜው ላይ ሕጉን በአንድ ሌሊት አታፍርሱት። በቀጣዩ ጥቅምት፣ ዘበኛው እየሰማ፣ እሷ «ና፣ መዝን» ትበለው። ይበቃል።

ጨርሳችሁ ስታበቁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ለአንድ ሰው አንብቡ። ከዚያ እርሳስ ያዙና «አንቺ» ያለበትን ሁሉ አክብቡ። ከአምስት ከበለጠ ቀንሱ።