ቀን የሚበራ፣ ማታ የሚተኛ አውቶ መብራት

አንድ ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ ጣቶቹን እየከፈተና እየዘጋ "መብራትህ በርቷል" ይለኝ ነበር። አጠፋዋለሁ፤ ሲጨልም መብራቱን ራሱ ወደሚያበራው ቦታ፣ ወደ አውቶ ስመልሰው እንደገና ይበራል። አንድ ጋራዥ የውጭውን ብርሃን የሚለካውን ዕቃ "ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር" አሉኝ። አልሞተም ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያነጠፍኩት ጨርቅ ነው ሸፍኖት የጨለመ ያስመሰለው።

እርስዎም ብር ከማውጣትዎ በፊት ማብሪያውን ይዩ። ምናልባት መኪናውን ያጠበው ልጅ ነክቶት ከአውቶ ወጥቶ ይሆናል።

ቀጥሎ መብራቱን በእጅዎ ያብሩት። ከበራ አምፖሉ ደህና ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ፣ ወደ ማብሪያው ወይም ወደ ሽቦው ይዞራል። ካልበራ ሴንሰሩን ይተውት። የጠፋው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አምፖል ነው። ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙን ወይም ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን ወደ መብራቱ የሚያገናኘውን ትንሽ ማብሪያ) ይዩ። የተቃጠለውን 10 አምፒር ፊውዝ በ10፣ 15ቱን በ15 ይተኩ። ሽቦ ጠምዝዞ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

አሁን ሴንሰሩን ይፈልጉ። በብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ፣ የፊት መስታወቱ ሥር ያለች የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጥቁር ጉብታ ናት። በአንዳንዶቹ ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ ትገኛለች። አቧራዋን ይጥረጉ፤ የሶፍት ሳጥኑንም ወረቀቱንም ያንሱላት። የፊት መስታወቱ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ሴንሰሩ በደንብ ሳይለጠፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ሙከራ ይሄ ነው። ቀን ላይ ከግድግዳ ፊት ለፊት ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተር ያስነሱ፣ አውቶ ላይ ያድርጉት። ጥቁር ጨርቅ አራት አጥፈው ሴንሰሩ ላይ ይጫኑ። መዳፍ ብቻውን አይበቃም፣ በጣቶች መሃል ብርሃን ይሾልካል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ግድግዳው ላይ ብርሃን ካረፈ ሴንሰሩ ይሠራል። ጨርቁን ሲያነሱ ወዲያው ካልጠፋ አይደንግጡ። ድልድይ ሥርና ዛፍ ጥላ ውስጥ ባለፉ ቁጥር ብልጭ ድርግም እንዳይል ሆን ተብሎ ነው የሚዘገየው።

ተሸፍኖም ካልበራ፣ ወይም ፀሐይ እየመታውም ካልጠፋ፣ ያኔ ኤሌክትሪሺያን ጋ ይሂዱ። ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱ መላላቱን እንዲያይና በኮምፒውተር እንዲመረምር ይጠይቁት። እስኪሠራ ድረስ ማታ ማታ በእጅ ማብራት አይርሱ።

እኔ ጨርቁን አልጣልኩትም። ሴንሰሯ ያለችበትን ቦታ በመቀስ በሳሁላት።